መረብና አጎበር

በዚህ አገር ሰው ሳይጎተት በሰዓቱ የሚገኝበት ቦታ የት ነው ብትሉኝ ሁለት ብቻ እቆጥራለሁ፤ ቀብርና የዲኤስቲቪ ቤት። ሌላው ሁሉ "መንገድ ላይ ነኝ" የሚባልበት ነው። የቀበሌ ስብሰባ ለ3 ሰዓት ይጠራና 5 ሰዓት ላይ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብሎ ይበተናል። ሰርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ያረፍዳል። የአርሴናል ጨዋታ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው ከተባለ፣ ገና በ1 ሰዓት አግዳሚው ሞልቶ የዘገየው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጥሪ የለም፣ አበል የለም፣ ዝግጅቱን በንግግር የሚከፍት የክብር እንግዳ የለም። እንዲያውም ሰውየው ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚገባው።

ይህን የምለው የኳስ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ልብ ወለድና ግጥም በማስተማር ነው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ተብራርቶልኝ ሦስቱንም ጊዜ ረስቼዋለሁ። ይሁንና ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ ተደራሲ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ። ደራሲ ዕድሜ ልኩን ሲለምነው የሚኖረውን ታዳሚ እግር ኳስ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ሳይለምን ያገኘዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ከተገኘ ዘንድ፣ አንድ ቁም ነገር ጣል ይደረግለት ቢባል ምን ይሁን? የኔ መልስ ወባ ነው።

ለምን ወባ? እስቲ አንድ የቆየ የኳስ ወዳጅ ፈልጉና ስለ 1954 ዓ.ም. ጠይቁት። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አጥቂው መንግሥቱ ወርቁ፣ ዋንጫውን ያስረከቡት ጃንሆይ... ሳይደነቃቀፍ ይዘረዝርላችኋል። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለስ በሉና በ1950 ክረምትና በ1951 መባቻ በአገሩ ላይ ምን ወርዶ እንደነበር ጠይቁት። ዝም ይላል። ያን ጊዜ የወባ ወረርሽኝ ደጋውን ሳይቀር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሟል፤ 150 ሺህ ያህል ሰው ገድሏል። ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። አባቶቻችን "ወባ ማጥፊያ" እያሉ ይጠሩት የነበረው ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ እልቂት ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። አራቱን ጎል እናስታውሳለን፣ መቶ ሃምሳ ሺውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም። ለወቀሳ አይደለም ይህን ማለቴ። ሰው የሚያስታውሰው የተደሰተበትን ነው። እንግዲያው ብልሃቱ መረሳት የሌለበትን ነገር ከማይረሳው ነገር ጋር አብሮ ማሰር ነው።

ወባ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። ከመሬታችን ሦስት አራተኛው ገደማ ለወባ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት 20 ሚሊዮን ያህል አጎበር ታደለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ወጡ፤ በ2019 የታማሚው ቁጥር በዓመት ወደ 900 ሺህ ገደማ ወረደ። ወሬው ሁሉ ወባን ስለ መቆጣጠር መሆኑ ቀርቶ ጨርሶ ስለ ማጥፋት ሆነ። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2023 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ደግሞ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሟች ተመዘገበ። የተመዘገበው ነው እንግዲህ። ጦርነቱ አለ፣ መፈናቀሉ አለ፣ የአየሩ ጠባይ መለዋወጥ አለ፣ ትንኟ መድኃኒቱን መልመዷ አለ። የኛም ዓይን ወደ ሌላ ዞር ማለቱ ሳይጨመርበት አይቀርም።

በኳስ ወባን መዋጋት የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሪክ ራይሊ የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት አምደኛ "ስፖርትስ ኢላስትሬትድ" በተባለው መጽሔት ላይ ስፖርት ወዳዶች ለአንድ አጎበር 10 ዶላር እንዲያዋጡ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። በእንግሊዝኛ የጎሉ መረብም የአልጋው አጎበርም መጠሪያቸው አንድ፣ "ኔት" ነውና በዚያው ተጫወተበት። ከዚያች አንዲት ጽሑፍ የተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽን የሚያስተባብረው ትልቅ የአጎበር ዘመቻ ተወለደ። (እኔ በአምዴ ያስገኘሁት ትልቁ ውጤት በሰፈራችን አንድ የቱቦ ክዳን መገጠሙ ነው።) እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲመጣ "ዩናይትድ አጌንስት ማላሪያ" የተባለ ዘመቻ ተነሳ፤ እዚያው የተሠሩ የዶቃ አምባሮች ተሸጠው ገቢያቸው ለወባ መከላከያ ዋለ፤ ኮከብ ተጫዋቾች በማስታወቂያ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዴቪድ ቤካም በዘጠኝ ቋንቋ ስለ ወባ ሲናገር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በኮምፒውተር ብልሃት ከንፈሩ ከስዋሂሊውም ከዮሩባውም ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ነበር። አማርኛ ከዘጠኙ ውስጥ አልነበረም።

እነዚህን ዘመቻዎች ማናናቅ አልፈልግም። የተገዛ አጎበር የተገዛ አጎበር ነው። ችግሩ ዋንጫው ማለቁ ነው። የመዝጊያው ርችት ከተተኮሰ በኋላ ካሜራው ይሰበሰባል፣ አምባሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ትንኟ ግን የዓለም ዋንጫ ማለቁን የነገራት የለም። ደግሞም የሩቅ ኮከብ የሩቅ ነው። ቤካም ወባን ይጠላል፤ መልካም! እኔ መተሐራ ላይ የምኖረው ሰውዬ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ይልቅ ሰውን የሚነካው ኮከቡ ራሱ ሲታመም ነው። በዚያው በ2010 ዘመቻ ከታዩት አንዱ የሆነው ዲዲዬ ድሮግባ፣ ኅዳር ላይ ራሱ ወባ ተገኘበት። ሳምንታት ያህል አቅም አንሶት፣ ያ ተከላካይ የሚያተራምስ ጉልበቱ ከድቶት ቆይቶ ነው በምርመራ የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የአርሴናሉ ፒየር ኤመሪክ ኦባሚያንግ ለአገሩ ለጋቦን ሊጫወት ሄዶ ወባ ይዞ ተመለሰና ሆስፒታል ተኛ። የሚሊዮኖች ደመወዝ ትንኟን አላገዳትም።

የዚህን ጉዳይ ሥር የገባኝ ግን ጋዜጣ ላይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ማታ አንድ የጤና ባለሙያ ወዳጄ "ና፣ አርሴናልን እንይ" ብሎ ሲቀላ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ይዞኝ ገባ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግማሹ ሸራ፣ ከኋላው ደግሞ የውሃ በርሜሎች ተደርድረዋል። አርሴናል ከበርንማውዝ ጋር ነበር የሚጫወተው። በ30ኛው ደቂቃ ሳሊባ በቀይ ካርድ ሲወጣ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ወዳጄ ክንዱን ጠፍ አደረገና ጆሮዬ ላይ "ሰዓቱን ልብ በል" አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ሰው እንቅልፍ እስኪወስደው የምትጠብቅ ይመስለን ነበር፤ በኛ አገር በብዛት ያለችው ግን ገና ከመምሸቱ፣ ሰው ደጅ ሳለ መንከስ ትጀምራለች። የቅዳሜ ማታ ጨዋታ የሷም ጨዋታ ነው። ወራቱንም ቁጠሩት። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የአውሮፓው ሊግ የሚጧጧፈውም ያኔ ነው። ትንሹ የወባ ወቅት ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ዋንጫ የሚነሳውም ያኔ ነው። የጨዋታውን ፕሮግራም ያወጣችው ትንኟ ብትሆን እንኳን እንዲህ አይገጥምም።

በእረፍት ሰዓት ከቤቱ ባለቤት ጋር ወሬ ጀመርን፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ፈጣን ልጅ ነው።

"ኦባን ያስታውሱታል፣ ጋሼ?" አለኝ።

"የትኛው ኦባ?"

"ኦባሚያንግ ነዋ! የኛ አጥቂ የነበረው። የዚያን ሰሞን እዚህ ቤት 'ኦባን ወባ ያዘው፣ ኦባን ወባ ያዘው' ሲባል ነው የከረመው። ልጆቹ ዘፈን ሊያወጡለት ምንም አልቀራቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዳነ፣ ጨዋታውም ቀጠለ።"

"ያኔ ስለ ወባ መጥቶ ያነጋገራችሁ ሰው ነበር?"

ሳቀ። "ማን ይመጣል፣ ጋሼ? የጤና ኤክስቴንሽኗ ቀን ቀን ቤት ለቤት ትዞራለች፤ እናቴን ታገኛታለች። እኛን የት ታገኘናለች? እኛ እዚህ ነን።"

"እኛ እዚህ ነን" ያላት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

በማግሥቱ እሁድ ጠዋት ከወዳጄ ጋር ስንዘዋወር ልጆች ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ሁለት እንጨት ተክለው አንድ ነጭ አጎበር እንደ መረብ ወጥረውበታል። ወዳጄ ደሙ ፈላ። "አየኸው? ነፍስ እንዲያድን የተሰጠ ነገር ጎል ላይ!" አለና አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነውን በረኛ ጠራው።

"ና እስቲ አንተ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"አሮጌው ነው፣ ጋሼ። ተቀዷል። አዲሱ ቤት አልጋው ላይ አለ።"

"ማን ይተኛበታል?"

"እማዬና ሕፃኗ።"

"አንተስ?"

ልጁ በእግሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። "እኔ ከወንድሞቼ ጋር መሬት ነው የምተኛው።"

ወዳጄ ቁጣው በረደ። አጎበር ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል ነው፤ ተቦጫጭቆ ያበቃለት አጎበር ጎል ላይ ቢወጠር ሰማይ አይደፋም። ደንቡም ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ነው። እዚያ ቤት ግን ከእናትየዋ አልጋ የተረፈ አጎበር የለም፤ ቢኖርም ወንዶቹ ልጆች መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰቡት። እነሱም ትንኝ የሴትና የሕፃን ነገር ነው ብለው ያምናሉ።

አይደለም። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋባቸው አገሮች ዐዋቂው ደጋግሞ ስለሚያዝ ሰውነቱ በከፊል ይለማመዳል፤ ስለዚህ በብዛት የሚሞቱት ሕፃናት ናቸው። በኛ አገር አብዛኛው ቦታ ወባ ወቅት ጠብቆ፣ አንዳንዴም ዓመታት ዘሎ ነው የሚመጣው። የጎልማሳውም ሰውነት እንግዳ ነው። ጉልበተኛው ወጣት፣ ማሳ የሚያድረው፣ ለሥራ ቆላ የሚወርደው፣ ማታ ደጅ የሚያመሸው፣ እሱ ነው የሚታመመው። ያ ሰው ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት የምናገኘው ሰው ነው።

ብዙ ዓመት ይሆነዋል፣ ሳስተምር የትምህርት ክፍላችን ቡድን በረኛ የነበረ ተማሪ ነበረኝ። የደጋ ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ብዙ አይናገርም፤ የሚጽፈው ግን ይነበብ ነበር። ክረምት ላይ ከጓደኞቹ ጋር የደብተርና የልብስ መግዣ ሊያገኝ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርም ከረመ። መስከረም ላይ ስም ስጠራ ስሙ ጋ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ "ሞቷል፣ መምህር" አለ። ንዳድ ነው አሉ። ያገሩ ሰው ወባን የሚጠራው እንደዚያ ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች መሐል ሜዳ ተሰልፈው የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት አደረጉለት። ተማሪው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። በሚቀጥለው ክረምት ከእነዚያ ተሰላፊዎች ግማሹ ተመልሰው ሰሊጥ ሊያርሙ ወረዱ።

ያቺ አንድ ደቂቃ እስከ ዛሬ ታስበኛለች። ለሞተው ልጅ አንድ ደቂቃ ዝም አልን። ለሚወርዱት ልጆች የሚናገር አንድ ደቂቃ ግን አልነበረም።

የምጠይቀው ይህቺኑ አንድ ደቂቃ ነው። ኮንፈረንስ አይደለም፤ ቲሸርትና ኮፍያ አይደለም። በቆላ ከተሞች ባለ ዲኤስቲቪ ቤት፣ በሊጉ ሜዳ፣ ክረምት ላይ በሚደረገው የቀበሌ ውድድር፣ ከፊሽካው በፊት አንድ ደቂቃ። የሚነገረውም ሦስት ነገር ብቻ ነው። ትኩሳት ከጀመረህ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመር። የታዘዘልህን መድኃኒት ሻል ሲልህ ሳታቋርጥ ጨርስ፤ ለሚቀጥለው ብለህ አታስቀምጥ። ከዚህ ስትወጣ አጎበር ውስጥ ግባ። ተናጋሪው ቤካም መሆን የለበትም። የአርባ ምንጭ ከተማ በረኛ ቢናገረው ይሻላል፤ ልጆቹ ገበያ ላይ ያገኙታል፣ እሱም እዚያው ነው የሚያድረው።

ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚችል ደግሞ ይጨምር። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ፣ በሞሪሸስና በዚምባብዌ የሞከረው ሥልጠና አለ። አሥራ አንድ ተጫዋች፣ አሥራ አንድ የጤና መልእክት፤ ልጆቹ ኳስ እያንከባለሉ ይማራሉ፣ ከመልእክቶቹ አንዱ አጎበር ነው። ከሥልጠናው በኋላ የልጆቹ ዕውቀት ጨምሮ ተገኝቷል። በኛ የክረምት ውድድር ላይ እያንዳንዱ ቡድን ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ያቆረ ውሃ ሳያፋስስና ጉድጓዱን ሳይደፍን አይጫወትም የሚል ደንብ ቢወጣ ምን ያስከፍላል? አካፋ ብቻ ነው።

የከተማ ሰውም "ይሄ የቆላ ገበሬ ነገር ነው" ብሎ እንዳይዝናና። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ተገኝታለች። ይህቺ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ የውሃ ታንከር፣ ሕንፃ የሚሠራበት ጉድጓድ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ከሷ ጋር ተያይዟል። ያ የዲኤስቲቪ ቤት በርሜል ክዳን ያስፈልገዋል።

"ኳስ ወባን ያጠፋል እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። አያጠፋም። ኳስ አጎበር አይሆንም፣ መድኃኒትም አይሆንም። ልጁ ደቂቃዋን ሰምቶ በበነጋው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መመርመሪያ የለም፣ ኮአርተም አልቋል ከተባለ፣ ያቺ ደቂቃ ፌዝ ትሆናለች። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሂዱ። ይልቅ የሚገርመኝ፣ የኳስን ጉልበት ውርርድ አጫዋቹ ከጤና ሰዎች ቀድሞ ማወቁ ነው። እሱ ልጆቹን የት እንደሚያገኛቸው አልጠፋውም። ከኪሳቸው መቶ ብር ለመውሰድ የቻለ ብልሃት፣ ጆሯቸው ላይ አንድ ቃል ለማስቀመጥ እንዴት ያቅታል?

የኳስ ወዳጆች አንድ ቃል አስተምረውኛል፤ በጥሎ ማለፍና በሊግ መሐል ያለውን ልዩነት። በጥሎ ማለፍ አንድ ቀን ጎበዝ ሆነህ ብታሸንፍ ታልፋለህ። በሊግ ግን በየሳምንቱ ነው፤ ዝናብም ቢሆን፣ ደጋፊም ባይመጣ፣ አንድ አንድ ነጥብ እየለቀሙ ነው። ወባን እስከ ዛሬ እንደ ጥሎ ማለፍ ነው የተጫወትነው፤ በዘመቻ ተነስተን፣ አሸንፈን፣ ጨፍረን፣ ወደ ቤት። ጨዋታው ግን ሊግ ነው።

እና አንተ ይህን የምታነብ የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት፣ ነገ ማታ ጨዋታው ሊጀምር አንድ ደቂቃ ሲቀረው ድምፁን ዝቅ አድርገውና ከፊት ቁም። ሦስቷን ነገር በላቸው። ይጮሁብህ ይሆናል። ዳኛም ይጮህበታል፤ ግን ጨዋታውን ያስጨርሳል።